«ከፍ አድርገው» ሲባል የቱን ነው?

የሐይቁ ልጅ፦ ሰላም ለቤቱ፣ ከሐዋሳ ነኝ። ከጓደኛዬ ጋር ፒዩር ዳታ በሚባለው የድምፅ መሥሪያ ፕሮግራም ላይ አንድ ነገር እየሞከርን ነው። እሱ ማሲንቆ ይጫወታል፤ ኮምፒውተሩ ፒቹን (ድምፁ የሚርገበገብበትን ፍጥነት) እየተከታተለ ፊልተሩን (ቀጫጭኖቹን ንዝረቶች የሚያዳክመውን ማጣሪያ) ይከፍታል፣ ይዘጋል። «ከፍ አድርገው» ስለው ግን ቀስቱን ጫን ያደርጋል። ፊልተሩ ንቅንቅ አይልም። ለመሆኑ «ከፍ ያለ ድምፅ» ምን ማለት ነው?

አራራይ፦ ጓደኛህ ልክ ነው። «ድምፅህን ከፍ አድርግ» ስንባል ጮክ እንላለን። ለፒች ሰው የሚለው «ቀጭን» እና «ወፍራም» ነው። ገመዱ በሰከንድ 220 ጊዜ ይርገበገብ የነበረው 440 ከሆነ፣ ድምፁ በአንድ ኦክታቭ ቀጠነ። ቀስቱን ሲጫነው ግን ቁጥሩ ያው ነው፤ የሚጨምረው ጉልበቱ ነው። ደግሞ ማሲንቆ ላይ ድምፁን ለማቅጠን እጅ ወደ ታች፣ ወደ ሳጥኑ ነው የሚወርደው። «ከፍ» ብትለው እንዴት ይግባው!

የሐይቁ ልጅ፦ ሃሃ፣ እውነትዎን ነው። ፒቹን የሚከታተለውን «ቅኝት መከታተያ» ብለውስ?

አራራይ፦ አይ፣ ቅኝትማ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ ነው። የድምፆቹ አሰላለፍ እንጂ አንዷ ድምፅ አይደለችም።

የአዳማዋ፦ «ፒች» ብላችሁ ተውት፣ ስቱዲዮም የሚባለው ይኸው ነው። እኔን የከነከነኝ ወፍራሙን ድምፅ ሰው «ጎርናና» ማለቱ ነው። ጎርናና ወፍራም ብቻ አይደለም፣ ሻከርም ይላል። ፊልተሩ የሚነካው ይሄን መልክ ነው፤ ዜማው ባለበት ይቀራል። የፊልተርህ መቁረጫ፣ ማዳከም የሚጀምርበት ማለቴ ነው፣ የት ላይ ነው?

የሐይቁ ልጅ፦ በሰከንድ 1000 ንዝረት ላይ ነው የምጀምረው። ፒቹ ካልተያዘ እዚያው ይቆያል።

የአዳማዋ፦ እንግዲያው እየው። 220 ስትመታ አብረዋት የሚሰሙት 440፣ 660 እና 880 ያልፋሉ። 440 ስትመታ ግን 880 ብቻ ትተርፋለች፤ 1320 እና ከዚያ በላይ ያሉት ይዳከማሉ። ቀጭኑ ድምፅ የታፈነ የሚመስለው ለዚህ ነው። መቁረጫውን የፒቹ 4 እጥፍ አድርገው፣ አብሮ ይሄዳል።

የሐይቁ ልጅ፦ ሠራ! ግን አልፎ አልፎ 220ው 440 ነኝ ብሎ ይዘላል፣ ፊልተሩም አብሮ ብው ይላል።

የአዳማዋ፦ ሁለተኛዋ ንዝረት ስትጎላ ኮምፒውተሩ እሷን ዋናዋ ናት ብሎ ይወስዳታል። ሲግመንድ የምትባለዋን የፒዩር ዳታ መሣሪያ ተጠቀም፤ ፒቹንና ጉልበቱን ለየብቻ ታወጣልሃለች። ጉልበቱ ሲደክም ፒቹን አትመን፣ የመጨረሻውን ቁጥር ይዘህ ቆይ። ድንገት እጥፍ የሆነውንም ትንሽ ካልቆየ አትቀበለው።

አራራይ፦ ለጓደኛህ ደግሞ «አቅጥነው» በለው።