ሚኒባሳችን ሐዋሳ ላይ ተበላሸ፤ እንግዶቼን ዛሬ ምን ላሳያቸው?

እንግዳ ተቀባይ፦ እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ። ከአዲስ አበባ ከመጡ ዘመዶቼ ጋር የጌዴኦን ትክል ድንጋዮች ለማየት ወደ ዲላ ልንነሳ ስንል የተከራየነው ሚኒባስ የራዲያተሩ ቱቦ ፈንድቶ ቆመ። ሹፌሩ መለዋወጫ ፍለጋ ሄዷል፤ መቼ እንደሚመለስ አልነገረንም። ሐዋሳ ከሐይቁ በቀር ቅርስ የላትም። ቀኑን በምን እናሳልፈው? ነገ ተመላሾች ናቸው።

የድሮ ሾፌር፦ የተቀደደው ጫፉ ላይ ከሆነ የተበላሸውን ቆርጣችሁ የተረፈውን መልሳችሁ እሰሩት። ዲላ ያደርሳችኋል።

ጡረተኛ መምህር፦ መኪና ሲከራዩ ውሃና ዘይቱን ማታ ማየት ነው እንጂ ጠዋት ማማረር ምን ይጠቅማል? ሞተሩ ሳይበርድ የራዲያተሩን ክዳን እንዳትከፍቱ፤ የፈላው ውሃ ፊት ያቃጥላል። ደግሞም ትክል ድንጋዮቹ የሚታዩበት ቱቱ ፈላ ያለው ዲላ ከተማ ውስጥ አይደለም፤ ዲላን አልፋችሁ በወናጎ በኩል ነው። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበ ስፍራ ነው፤ ለእንዲህ ያለ ቦታ በማለዳ ይነሱለታል።

የጉዱማሌ ሰው፦ «ቅርስ የላትም» ያሉትን ቢያነሱት ደስ ይለኛል። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ቀኑን የሚቆርጡት ከዋክብትን የሚያነቡ አያንቶዎች ናቸው። በዓሉ የሚከበርበት ጉዱማሌ እዚሁ ሐይቁ ዳር ነው፤ በባጃጅ ይደረሳል። ድንጋይ ካልተተከለ ቅርስ አይባልም ያለው ማን ነው?

የድሮ ሾፌር፦ ቱቦውን ቆርጦ ማሰር ይቻላል እያልኩ ነው።

ሐይቅ ዳር፦ ገና ረፋድ ካልሆነ ሌላውን ትታችሁ በቀጥታ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ዳር ወዳለው ዓሣ ገበያ ሂዱ። መረቡ ማታ ተጥሎ ጠዋት ስለሚወጣ ገበያው የሚደምቀው በጊዜ ነው። ልጆቹ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ቆዳ ሲገፍፉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ራሰ በራ አንገታቸውን ሰብረው የሚወረወርላቸውን የሆድ ዕቃ ሲጠብቁ ታያላችሁ። ዓሣ ሾርባው እዚያው አለ፤ ጥሬውን በአዋዜ ግን ለልጆች አትስጡ። ዛፎቹ ላይ ጉሬዛና ጦጣ አይጠፋም፤ የያዛችሁትን ምግብ ደብቁ። ከዚያ ታቦር ተራራ ብትወጡ ከተማውና ሐይቁ አንድ ላይ ይታያሉ።

ቀልደኛው፦ አባ ኮዳዎቹን እንደ ትክል ድንጋይ ቁጠሯቸው፤ ቆመው ነው የሚውሉት።

እንግዳ ተቀባይ፦ ተራራውስ እንዴት ይሆናል? እናቴ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ሦስት ሕፃናትም ይዘናል።

ሐይቅ ዳር፦ ይህ መጀመሪያ መነገር ነበረበት! ለእናትዎ ተራራው ይቅር። ጀልባ ካሰባችሁም ጠዋቱን ተጠቀሙበት፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ሐይቁ ይናወጣል። ዋጋው በሰው ነው ወይስ በጀልባ የሚለውን ሳትሳፈሩ ተነጋገሩ፤ ለሕፃናቱ ልክ የሆነ የሕይወት ማዳኛ ጃኬት ከሌለ አትውጡ። ጉማሬ እናሳያችኋለን ሲሏችሁም ቅረቡ ብላችሁ አትገፋፉ።

ጡረተኛ መምህር፦ እናትየውን ወንዶ ገነት ይውሰዷቸው። ሻሸመኔ ድረስ በታክሲ፣ ከዚያ ሌላ ታክሲ ነው። የሚቀይር ልብስና ፎጣ ይያዙ። ፍል ውሃው ከምንጩ ሲወጣ ያቃጥላል፤ ገንዳው ጋ በእጅ ሳይሞክሩ አያስገቧቸው።

የጉዱማሌ ሰው፦ ጉዱማሌን ዘለላችሁት እኮ። ደረጃ የለው፣ አቀበት የለው፤ ለእናት ከዚያ የተሻለ የት አለ?

የድሮ ሾፌር፦ የተቀደደው ጫፉ ላይ ነው ወይስ መሃሉ? እስካሁን የመለሰልኝ የለም።