የሚጥል በሽታ አልለቅ ሲል፦ ስንት ደቂቃ ይጠበቃል?

መምህር፣ ቱሉ ዲምቱ
ሰላም ለሁላችሁ። ትምህርት ቤታችን ፌኖባርቢታል (የሚጥል በሽታ ክኒን) የሚወስዱ ልጆች አሉ። ሲጥላቸው በጎን ማስተኛትን፣ አፍ ውስጥ ምንም አለመክተትን፣ ክብሪት ጭሮ አለማሽተትን ሠራተኛው ሁሉ ያውቃል። የሚያከራክረን መቼ ወደ ሕክምና እንሩጥ የሚለው ነው። ገሚሱ «ራሱ ይለቀዋል» ይላል። ቁርጥ ያለ ደቂቃ አለው? ጤና ጣቢያ ስንደርስስ ምን ይደረግለታል?

ሲስተር፣ ድንገተኛ ክፍል
አለው መምህር፤ 5 ደቂቃ። አብዛኛው ከ3 ደቂቃ በፊት ይለቃል። 5 ያለፈ ግን በራሱ የመቆም ዕድሉ ይመነምናል፤ 30 ከሞላ አንጎል ላይ ዘላቂ ጉዳት ሊተው ይችላል። ስለዚህ አንድ ሰው ሥራው ሰዓት መያዝ ብቻ ይሁን፤ በድንጋጤ የተገመተ ደቂቃ አይታመንም። ልጁ ሳይነቃ ደግሞ ከጣለው፣ የመጀመሪያው ከሆነ ወይም ትኩሳት ካለው 5 ደቂቃም አትጠብቁ።

907 ወይም 939 ስትደውሉ በቅርብ ያለውን የታወቀ ምልክት ተናገሩ፣ አንድ ሰው መንገድ ላይ ይቁም። አምቡላንስ ከዘገየ በተገኘው መኪና ውሰዱት፣ ግን በጎኑ አስተኝታችሁ። ቁጭ አድርጎ መውሰድ አደጋ ነው፤ አንገቱ ሲታጠፍ የአየር መንገዱ ይዘጋል።

መምህር፣ ቱሉ ዲምቱ
እግዜር ይስጥልኝ ሲስተር። መንቀጥቀጡን የሚያስቆመው ዳያዜፓም ጡንቻ ላይ ቢወጋስ?

ፋርማሲስት
አይሆንም። ዳያዜፓም ከጡንቻ ወደ ደም የሚገባው ቀስ እያለና ባልተስተካከለ መጠን ነው። የደም ሥር ካልተገኘ ለልጅ በፊንጢጣ ይሰጣል፦ በኪሎ 0.5 ሚሊግራም፣ ከ10 ሳይበልጥ። አምፑሉ 2 ሚሊ ሊትር ውስጥ 10 ሚሊግራም ስለሚይዝ 14 ኪሎ ልጅ 1.4 ሚሊ ሊትር ይደርሰዋል። በመርፌ ይሳባል፣ መርፌው ይነቀላል፣ ሲሪንጁ ብቻ ይገባል፤ ከዚያ መቀመጫው ተጨምቆ ይያዛል፣ አለዚያ ተመልሶ ይፈስሳል። ይህ የሠለጠነ ባለሙያ ሥራ ነው። ጡንቻ ላይ የሚሠራው ሚዳዞላም የተባለው የዳያዜፓም ዘመድ መድኃኒት ነው፣ ከተገኘ።

ጠቅላላ ሐኪም
ሲስተርም ፋርማሲስቱም ያሉት ልክ ነው። ስትዘገዩ የሚጎዳችሁ ሌላ ነገርም አለ፦ መንቀጥቀጡ በረዘመ ቁጥር ዳያዜፓም የሚይዝባቸው ተቀባዮች ከነርቭ ሴሉ ገጽ ወደ ውስጥ ይሸሻሉ፤ መጀመሪያ ላይ የሚያቆመው መጠን በኋላ አይበቃም።

ጤና ጣቢያው ኦክስጅን ይሰጣል፣ ስኳር ይለካል። የስኳር ማነስ ሳይታይ ከታለፈ መድኃኒቱ ብቻውን አያድነውም። ዳያዜፓሙ ከ5 ደቂቃ በኋላ አንዴ ይደገማል፤ ከሁለት በላይ ትንፋሽ ያዳክማል። ካልቆመ ፌኒቶይን የተባለ ሌላ የሚጥል በሽታ መድኃኒት በኪሎ 20 ሚሊግራም በደም ሥር ይከተላል፣ በኖርማል ሳላይን (በደም ሥር በሚሰጥ የጨው ውሃ) ብቻ፤ ግሉኮስ ውስጥ ይዘቅጣል። ለትልቅ ሰው በደቂቃ ከ50 ሚሊግራም በፍጥነት ከገባ የደም ግፊት ይወርዳል፣ የልብ ምትም ይዛባል። ይህ ከሌለ ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ሪፈር ነው፤ ለእናንተ አካባቢ ጥሩነሽ ቤጂንግ ይቀርባል።

ሰውነቱ ጸጥ ማለቱም አያታልላችሁ። ዓይኑ እየተወራጨ ወይም ጣቱ እየተንዘረዘረ ካልነቃ አንጎል ውስጥ ገና አልቆመም። የጀመረበትን ሰዓት፣ የሚወስደውን ክኒንና መጨረሻ የዋጠበትን ቀን በወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ ላኩ። ፌኖባርቢታል በድንገት መቋረጡ ራሱ ይህን ያመጣል፣ እኛም መጀመሪያ የምንጠይቀው እሱን ነው።