በር በተቆለፈበት የአእምሮ ሆስፒታል ሲጋራ ይከልከል?

አወያይ፦ ተቆልፎባቸው የሚታከሙ ሰዎች ግቢ ውስጥ እንኳ እንዳያጨሱ ይከልከሉ ወይስ ይተዉ?

የሌሊት ተረኛ ነርስ፦ ይከልከሉ! ክፍሉን የሚያምሰው ሲጋራው ነው። አንዱ ጫማውን በሁለት ፍሬ ይለውጣል፣ ሌላው ቁራጭ ፍለጋ ቅርጫት ሲበረብር ያመሻል። በር የሚደበደበው ለመድኃኒት መሰላችሁ?

ጠበቃው፦ እህቴ፣ ድካምሽ ይገባኛል። ግን ሌላው ሰው ሲከለከል ከበር ወጥቶ ያጨሳል። ይሄኛው ወዴት ይውጣ? አንዳንዱ እዚያ ዓመታት ይኖራል፤ ቤቱ ነው።

የሕግ ተማሪ፦ እሱ ተሞክሮ አልሠራም። የእንግሊዙ ራምፕተን ሆስፒታል ታካሚዎች «የግል ሕይወታችን ተነካ» ብለው እ.ኤ.አ. በ2009 በይግባኝ ተረትተዋል።

ጠበቃው፦ የስኮትላንዱን የካርስቴርስ ሆስፒታል ጉዳይ ለምን ዘለልከው? እ.ኤ.አ. በ2017 የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ትምባሆ መያዝ መከልከሉንና ፍተሻውን ሕገ ወጥ ብሎታል። እርግጥ ነው፣ ማጨስ መብት ነው አላለም፤ ሕጉ ያዘዘውን ሥርዓት አልጠበቃችሁም ነው ያለው።

የታካሚ እህት፦ እኔን የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ወንድሜ ድሮ «ዛሬ ጎበዝ ነህ» ተብሎ በሲጋራ ይሸለም ነበር። አሁን ያንኑ ሲጋራ ሲያጨስ ጥፋተኛ ሆነ።

ነርስ፦ እውነትሽን ነው፣ ያ የእኛ የሙያው ሰዎች ነውር ነው። ግን ደቡብ ለንደን ውስጥ ሞድስሊ በሚባለው የአእምሮ ሕክምና ተቋም ሥር ባሉ ሆስፒታሎች ክልከላው እ.ኤ.አ. በ2014 ከገባ በኋላ አካላዊ ጥቃት በ39 በመቶ ቀንሷል። ይብሳል ተብሎ ነበር የተፈራው።

ፋርማሲስቱ፦ መድኃኒቱን ሁላችሁም ረሳችሁት። የሲጋራ ጭስ ጉበት ክሎዛፒን የሚባለውን የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ቶሎ እንዲያስወግድ ስለሚያደርግ አጫሹ ከፍ ያለ መጠን ይታዘዝለታል። ድንገት ሲያቆም ያው መጠን ደሙ ውስጥ ይከማችና ያደነዝዘዋል፣ ምራቁን ያዝረከርከዋል፣ ሲብስ ያንቀጠቅጠዋል። ይህን የሚያደርገው ጭሱ እንጂ ኒኮቲኑ አይደለም፤ ስለዚህ የኒኮቲን ፕላስተር ሱሱን ቢያስታግስም ለዚህ አይረዳም። ክልከላው ከመጀመሩ በፊት የደም ምርመራና የመጠን ቅነሳ ዕቅድ ይያዝ። ያለዚያ እኔም ከጠበቃው ጋር ነኝ።

ነርስ፦ ተደብቆ የሚያጨሰውስ?

ፋርማሲስቱ፦ ዋናው አደጋ እሱ ነው። አንድ ሳምንት አጭሶ አንድ ሳምንት ሲያጣ መጠኑን በምን እንወቅ? ስለዚህ «አጭሻለሁ» ብሎ የተናገረ ታካሚ የመውጫ ፈቃዱ አይነሳ፣ ጠያቂም አይከልከል። ከተቀጣ ሁለተኛ አይነግረንም።

የታካሚ እህት፦ ይሄ በደንቡ ላይ ይጻፍልኝ፣ ክልከላውን እደግፋለሁ።

ጠበቃው፦ እኔ ገና ነኝ።