ከማድሪድ ወጣ ብላችሁ ገዳም መሳለም ለምትፈልጉ፦ ጓዳሉፔ

የሜክሲኮዋን አይደለም የምላችሁ፣ የስፔኗን ነው። ኤክስትሬማዱራ ውስጥ፣ ካሴሬስ አውራጃ፣ ተራራ መሃል ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ቶሌዶና ኤል ኤስኮሪያል ቅርብ ስለሆኑ ሁሉም ወደዚያ ነው የሚጎርፈው። እነሱም ጥሩ ናቸው። ጓዳሉፔ ግን ከቱሪስቱ ጋር ተሳላሚም ታገኛላችሁ።

ባቡር የለም። ከማድሪድ ደቡብ መናኸሪያ አውቶቡስ አለ፣ ግን ምልልሱ ጥቂት ስለሆነ የመመለሻውን ሰዓት ሳታረጋግጡ እንዳትሳፈሩ። መኪና ያለው ሰው ካገኛችሁ ነዳጅ ተካፈሉ። መንገዱ ሦስት ሰዓት ገደማ ይወስዳል፣ መጨረሻው ጠመዝማዛ ነው፣ መኪና የሚያጥወለውለው ሰው ገቢና ይቀመጥ።

የእመቤታችን ምስል ከዝግባ እንጨት የተቀረጸ ነው፣ ፊቷ ጥቁር። ካቶሊኮቹ ወንጌላዊው ሉቃስ ቀረጻት ይላሉ፣ ባለሙያዎች ደግሞ የ12ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ናት ይላሉ። እኛም ሉቃስ ሳላት የምንላቸው ሥዕሎች ስላሉን ይዣት የሄድኩት እናቴ ታሪኩ ምንም አልገረማትም። ሙዚየሙን በአስጎብኚ ነው የምታዩት፤ ትልልቆቹን የብራና የዜማ መጻሕፍት ስታዩ አትቸኩሉ። መጨረሻ ላይ ፍራንሲስካን መነኩሴ ይቀበላችሁና ዙፋኑን አዙሮ ፊቷን ወደ እናንተ ይመልሰዋል። እናቴ እዚያ ጋ እልል ልትል ስትል በግድ ነው የያዝኳት። ምን ነበረበት ብትል ግን?

አደባባዩ ላይ ያለውን ፏፏቴም እዩት። ኮሎምበስ ከባሕር ማዶ ያመጣቸው ሁለት ሰዎች በ1496 የተጠመቁት በዚያ ነው ይባላል። ወደው መጡ ወይ ብሎ የጠየቃቸው ያለ አይመስለኝም።

ደርሶ መልስ አታድርጉት፣ እደሩ። ገዳሙ ራሱ የእንግዳ ማረፊያ አለው። ፊት ለፊቱ በድሮ ሆስፒታል ሕንፃ ውስጥ ያለው ፓራዶር ሆቴል ደግሞ ወደድ ይላል። ሴፕቴምበር 8 በዓሏ ነው፣ የእመቤታችንን ልደት እነሱ ያን ቀን ያከብራሉ፣ እኛ ግንቦት 1። ለዚያ ቀን ከሆነ አልጋ ቀደም ብላችሁ ያዙ።

ምግብ ላይ ተጠንቀቁ። የከተማዋ ዝነኛ ምግብ ሞርሲያ (በደም የሚሠራ ቋሊማ) የአሳማ ነው፣ ጎመን ስላለበት እንዳያሳስታችሁ። አትክልት ብቻ የሚመስለው ሾርባም የአሳማ ሥጋ (ሃም) ሊኖረው ይችላል፣ «ሲን ሴርዶ» (ያለ አሳማ) በሉ። ጾም ከሆነ ደግሞ «ቬጋኖ» ብሎ መገላገል ነው።