አልጀብራ 2ን ከጂኦሜትሪ በፊት መጨረስ ይቻላል?

በአሜሪካ ሥርዓት የተዘጋጁ መጻሕፍት ይዤ አልጀብራን በግሌ እያጠናሁ ነው። አልጀብራ 1ን፣ ማለትም መስመራዊ እኩልዮሾችን፣ ፋክተር ማድረግንና የኳድራቲክ ፎርሙላን ጨርሻለሁ። በተለመደው ቅደም ተከተል ቀጥሎ የሚመጣው ጂኦሜትሪ ቢሆንም፣ ያጠናሁት እንዳይረሳኝ ብዬ በቀጥታ ወደ አልጀብራ 2 አለፍኩ። ኮምፕሌክስ ቁጥሮች (የኔጋቲቭ ቁጥር ስኩዌር ሩትንም የሚያካትቱ ቁጥሮች) አላስቸገሩኝም፤ ቀድሞ ስኩዌር ሩቱ ውስጥ ኔጋቲቭ ቁጥር ስለመጣ ብቻ «መፍትሔ የለውም» ተብሎ የታለፈው እኩልዮሽ አሁን ሁለት መፍትሔ ማግኘቱ እንዲያውም አስደስቶኛል። የተቸገርኩት ትሪጎኖሜትሪ፣ ማለትም የጎነ ሦስት ማዕዘኖችና ጎኖች ዝምድና ላይ ነው፤ መጽሐፉ የተመሳሳይ ጎነ ሦስቶችን ባሕርይና 30 እና 60 ዲግሪ ያለውን ጎነ ሦስት የጎኖች ውድር እንደማውቅ ቆጥሮ ይጀምራል። ከአልጀብራ 2 ፖሊኖሚያልንና ሎጋሪዝምን አስቀድሜ፣ ከጂኦሜትሪ ለትሪጎኖሜትሪ የሚያስፈልጉትን ምዕራፎች ብቻ መርጬ ባጠና ይበቃኛል ወይስ ጂኦሜትሪን ሙሉ በሙሉ መጨረስ አለብኝ?