ወረቀት የሌላቸውን ወገኖች በተመለከተ ቤተ ክርስቲያንና እድር ምን ማድረግ ይችላሉ? (ሜሪላንድና ቨርጂኒያ)

አገልጋይ_ዘሲልቨር

ሰላም ለዚህ ቤት። በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ ዙሪያ የመኖሪያ ወረቀት ለሌላቸው ወገኖቻችን የሚሆን አጭር መመሪያ በአማርኛ እያዘጋጀን ነው። ስለ አይስ (የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ አስከባሪ መሥሪያ ቤት) ብዙ ተብሏል። እኛን ያስጨነቀን ግን ከራሳችን ሰው የሚመጣው ነው፦ ደመወዝ ይዞ «ወረቀት የለህም፣ የት ትደርሳለህ» የሚል አሠሪ፣ የቤዝመንት (የምድር ቤት) ዲፖዚት፣ ማለትም መያዣ ገንዘብ፣ የሚያስቀር አከራይ፣ በተጣሉ ቁጥር «እጠቁምሃለሁ» የሚል ዘመድ። ሕጉ ምን ይላል? ሰበካ ጉባኤውና እድሩስ ምን ቢያደርጉ ይጠቅማል?

ላብ_አደር

ብዙ ሰው የሚጎዳው በደመወዝ ስለሆነ ከዚያ ልጀምር። ለተሠራ ሥራ ክፍያ ለመጠየቅ የመኖሪያ ወረቀት አያስፈልግም። የፌዴራሉ የደመወዝ ሕግ የሚያየው የተሠራውን ሰዓት ነው፤ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ የተሠራው በአንድ ተኩል ይታሰባል። በሜሪላንድ ዝቅተኛው ክፍያ ከ2024 ጀምሮ በሰዓት 15 ዶላር ነው፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። አንዳንድ አሠሪዎች የሚያነሱት የ2002ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ (ሆፍማን) የከለከለው ያላግባብ የተባረረ ሰው *ላልሠራበት* ጊዜ የሚጠይቀውን ክፍያ ነው። የተሠራውን አይነካም።

አቤቱታ የሚወድቀው በማስረጃ እጦት ነው። ምግብ ቤቶቻችን ብዙ ጊዜ በካሽ ስለሚከፍሉ ሠራተኛው እጅ ላይ ምንም ወረቀት አይቀርም። ስለዚህ በየማታው ቀኑን፣ የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት፣ የተቀበለውን ገንዘብ ስልኩ ላይ ይጻፍ። ሰዓቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፍ! «ከ3 እስከ 4» ብሎ በሐበሻ ሰዓት የመዘገበ ሰው ከጠዋቱ 3 እስከ ማታ 4 ድረስ 13 ሰዓት ለፍቶ፣ መርማሪው ፊት አንድ ሰዓት የሠራ ይመስላል። ወጥ ቤት ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን ፕሮግራም ሳይነሳ ፎቶ ያንሳው። በዜል (በስልክ የባንክ ገንዘብ መላኪያ) የተላከ ካለ ስክሪንሾቱን ያስቀምጥ። ሰዓት መመዝገብ የአሠሪው ግዴታ ነው፤ አሠሪው መዝገብ ከሌለው ፍርድ ቤት የሠራተኛውን ምክንያታዊ ግምት ይቀበላል። ይህ ከ1946 ጀምሮ የቆየ መርህ ነው።

የአቤቱታ ማቅረቢያው ጊዜ እንዳያልፍ ደግሞ፦ በሜሪላንድ 3 ዓመት ነው፤ በፌዴራሉ 2፣ ሆን ተብሎ የተደረገ ከሆነ 3። በሌላ ሰው ሶሻል (የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር) የሠራ ሰው ግን ምንም ፎርም ከመሙላቱ በፊት ጠበቃ ያማክር።

«እጠቁምሃለሁ» የሚለው ቃል ብቻውን ወንጀል አይደለም። «ደመወዝህን ከጠየቅህ እጠቁምሃለሁ»፣ «ይህን ያህል ካልሰጠኸኝ እጠቁምሃለሁ» ሲባል ግን ነገሩ ሌላ ነው። የቨርጂኒያም የሜሪላንድም የማስፈራራት ሕግ በሰው የመኖሪያ ሁኔታ አስፈራርቶ ገንዘብ መውሰድን በግልጽ ያካትታል። ፓስፖርት ነጥቆ ማስፈራራትም እዚያው ውስጥ ነው። መልእክቱን ተናዶ ማጥፋት ትልቅ ስህተት ነው፤ ለሚታመን ሰው ይላክና ይቀመጥ።

እናት_ዓለም

ስለ ቤት። በቃል የተደረገ የወር ኪራይም ውል ነው። በሜሪላንድ ከጥቅምት 1 ቀን 2024 ወዲህ ለተደረጉ ውሎች ዲፖዚት በአብዛኛው ከአንድ ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም። ተከራዩ ከወጣ በኋላ በ45 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት፤ ያለ በቂ ምክንያት ያስቀረ እስከ ሦስት እጥፍ ሊከፍል ይችላል። ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ቁልፍ መቀየር ወይም መብራትና ውሃ መቁረጥ ክልክል ነው፣ ቤዝመንትም ቢሆን። ፍርድ ቤት መሄድ የሚያስፈራው ሰው አስቀድሞ በሰርቲፋይድ ሜይል (መላኩን የሚያረጋግጥ ደረሰኝ ባለው ፖስታ) ደብዳቤ ይላክ፤ በደብዳቤው ላይ የወጣበት ቀን፣ የገንዘቡ ልክና አዲሱ መቀበያ አድራሻ ይኑር።

አሁን ደግሞ በግልጽ ልናገር የምፈልገው። አንዲት እህት ባሏ እየደበደባት «ትዳርሽን አፍርሰሽ በምን ወረቀት ትኖሪያለሽ» ብሎ ዝም የሚያሰኛት ሽማግሌ በደሉን እያገዘ ነው። ባሏ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ከሆነ፣ እሱ ሳያውቅ በራሷ ስም አይ-360 በሚባለው ቅጽ ለመኖሪያ ወረቀት ማመልከት ትችላለች። እሱም ወረቀት ባይኖረው፣ የወንጀል ተጎጂ ሆና ከመርማሪዎች ጋር ከተባበረች የዩ ቪዛ አለ። ለዚያ ፖሊስ ወይም ዐቃቤ ሕግ የሚፈርመው አይ-918 ተቀጽላ ቢ የሚባል ቅጽ ያስፈልጋል፤ ፊርማው 6 ወር ካለፈው ማመልከቻው ተቀባይነት የለውም። በዓመት የሚሰጠው 10,000 ብቻ ስለሆነ መጠበቁ ረጅም ነው። የፖሊስ ሪፖርት ቁጥርና የሐኪም ቤት ወረቀት ከቤት ውጭ ይቀመጥላት። እርቅ ካስፈለገ በኋላ ይታያል።

ልጅ ትምህርት ቤት ማስገባት የማያከራክር መብት ነው (ፕላይለር የሚባለው የ1982 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ)። የድንገተኛ ክፍልም አይመልስም። እርጉዝ ለሆነች እህት ሜሪላንድ ከሐምሌ 2023 ጀምሮ ወረቀት ሳይጠይቅ በሜዲኬይድ (ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የመንግሥት የጤና መድን) ይሸፍናል፣ የገቢ መስፈርቱን ካሟላች። ይህን የማያውቁ ብዙ ናቸው።

ሕግ_ነክ

ለሰበካ ጉባኤው ከሁሉ በፊት የምለው፦ በአባላት መዝገብ ላይ የማንንም የመኖሪያ ሁኔታ አትጻፉ። የተጻፈ ነገር በፍርድ ቤት ትእዛዝ ሊጠየቅ ይችላል። የእርዳታ ገንዘብ ስትሰጡም «ለቤት ኪራይ» ብላችሁ መዝግቡ፣ ይበቃል።

አብያተ ክርስቲያናትን ከለላ ያደርግ የነበረው የአይስ መመሪያ በጥር 2025 ተነሥቷል። ለሕዝብ ክፍት የሆነው ቅጽርና አዳራሽ ማንም የሚገባበት ነው። ቢሮውን፣ ወጥ ቤቱንና የካህናቱን ክፍል «ያለ ፈቃድ መግባት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ለጥፉባቸውና በሩን ዝጉ። ወረቀት ይዘው ከመጡ ፊርማውን እዩ፦ ዳኛ የፈረመውና የፍርድ ቤት ስም ያለበት ነው የሚያስገባው። አይ-200 ወይም አይ-205 የሚባለው የኢሚግሬሽን ባለሥልጣን የሚፈርመው ነው፤ የግል ክፍል እንድትከፍቱ አያስገድድም። የሚያነጋግር አንድ ሰው አስቀድሞ ይመደብ። ሰብረው ከገቡ አትታገሉ፤ «አልፈቀድኩም» በሉና ቅረጹ። ምግብ መስጠት፣ መጸለይ፣ መብት ማስተማር ወንጀል አይደለም። ሰውን ደብቆ ማቆየት ግን በፌዴራል ሕግ ያስከስሳል፤ በቅንነት የሚያደርጉት ስላሉ ይታወቅ።

ሌላው ጉዳት የሚመጣው ከፎርም ሞይዎች ነው። አንድ የጥገኝነት ታሪክ ለአሥር ሰው ገልብጠው ይሰጣሉ፣ ያ ታሪክ ኦፊሰሩ ዘንድ ሲደጋገም ሁሉም አብረው ይወድቃሉ። ጥገኝነት በመርህ ደረጃ በገቡ በአንድ ዓመት ውስጥ መጠየቅ አለበት። በኢሚግሬሽን ጉዳይ ሊወክል የሚችለው ጠበቃ ወይም ከፍትሕ ሚኒስቴር እውቅና ያገኘ ተወካይ ነው። ተርጓሚ ሕግ አያማክርም።

አድራሻ ሲቀየር ብዙዎች ለኢሚግሬሽን ቢሮው ኤአር-11 የሚባለውን የአድራሻ ለውጥ ቅጽ ይልኩና ይረሱታል። ለኢሚግሬሽን ፍርድ ቤቱ ደግሞ ለብቻው ኢኦአይአር-33 የሚባለው ቅጽ በ5 የሥራ ቀን ውስጥ መላክ አለበት። አንዱ ለሌላው አይነግረውም። ቀጠሮው ወደ ድሮው ቤዝመንት ይሄዳል፣ ሰውየው ሳይቀርብ የመባረር ትእዛዝ ይወጣበታል። በኤ-ቁጥር (የኢሚግሬሽን ፋይል ቁጥር) የፍርድ ቤቱን ድረ ገጽ በየሳምንቱ ማየት ይቻላል፤ እድሩ አንድ ወጣት መድቦ ለሽማግሌዎች ቢያይላቸው ብዙ ሰው ያድናል።

አገልጋይ_ዘሲልቨር

እግዚአብሔር ይስጥልን። አንድ ጥያቄ፦ ሰው ሲያዝ ቤተሰቡ ስሙን እየፈለገ የሚያጣው ለምንድን ነው? ልጆች ካሉስ?

ሕግ_ነክ

የአይስ የታሳሪ መፈለጊያ ድረ ገጽ ስሙን ልክ በተመዘገበበት ፊደል ካልሆነ አያወጣም። ፀሐይ፣ ኃይሉ፣ ጽጌ የሚባሉ ስሞች በእንግሊዝኛ በሦስት በአራት ዓይነት ይጻፋሉ፤ የአባት ስም የመጀመሪያ ስም ቦታ የገባበትም አለ። ስለዚህ ዘጠኙን የኤ-ቁጥር አሃዞችና የተወለደበትን አገር ይዞ መፈለግ ይሻላል። ቁጥሩን አንድ የሚታመን ሰው አስቀድሞ በወረቀት ይያዘው፣ ስልኩ አብሮ ይወሰዳልና።

ለልጆች የሜሪላንድ ሕግ ወላጅ በኢሚግሬሽን ምክንያት ቢለይ ተጠባባቂ አሳዳጊ እንዲሰይም ይፈቅዳል። ሰነዱ በሁለት ምስክሮች ፊት ይፈረማል፣ አሳዳጊውም ይፈርማል። ሰነዱ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ አሳዳጊው በ180 ቀን ውስጥ ለፍርድ ቤት ማመልከት አለበት። ከሰነዱ ጋር የልጁ የልደት ወረቀት፣ የክትባት ካርድና የሚወስደው መድኃኒት ዝርዝር በአንድ ፖስታ ይሁን፤ ትምህርት ቤቱ ልጁን እንዲወስዱ የተፈቀደላቸው ሰዎች ዝርዝር ላይም የአሳዳጊው ስም ዛሬውኑ ይግባ።