የ1948ቱ ቴሌቪዥን ምስል ወደ ጎን ይሸሻል፦ የከፍተኛ ቮልቴጅ ካፓሲተሮቹን በምን ልተካቸው?

ጥያቄ (ከሜሪላንድ)፦
ጤና ይስጥልኝ። በ1948 እ.ኤ.አ. የተሠራ፣ 7ጄፒ4 የሚባለው ባለ 7 ኢንች ፒክቸር ቲዩብ ያለው የአሜሪካ ቴሌቪዥን ገዝቼ እያደስኩ ነው። የኃይል ክፍሉን ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተሮች ቀይሬ ሳበራው ምስል አገኘሁ፤ ነገር ግን ምስሉ ወደ ቀኝ ይሸሻል፣ ቴሌቪዥኑ እየሞቀ ሲሄድም ይብስበታል፤ የመሀል ማስተካከያውን እስከ መጨረሻው ባዞረውም አይመለስም። ከማጉያ ቫልቮቹ ወደ ፒክቸር ቲዩቡ አራት ሳህኖች (የኤሌክትሮኑን ጨረር ወደ ጎንና ወደ ላይና ታች የሚመሩት) የሚሄዱት የወረቀት ካፓሲተሮች እያንዳንዳቸው 0.01 ማይክሮፋራድ፣ 6000 ቮልት ናቸው። ከየሳህኑ ወደ መሀል ማስተካከያው የሚሄደው ሬዚስተር 4.7 ሜጋ ኦም ሲሆን የከፍተኛው ቮልቴጅ ማጣሪያ 500 ፒኮፋራድ ነው። ካፓሲተሮቹን በቴስተር ስለካቸው ደህና ናቸው ይለኛል። ሐሳቤ 0.033 ማይክሮፋራድ፣ 2000 ቮልት የሆኑ ርካሽ የፊልም ካፓሲተሮችን ሦስት ሦስቱን በተከታታይ አገናኝቼ መተካት ነበር። ያስኬዳል?

መልስ 1 (ከአዲስ አበባ)፦
ለረጅም ዓመታት በቴሌቪዥን ጥገና ሠርቻለሁ፤ በአገራችን ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ሲጀመር እንዲህ ያሉት ባለ 7 ኢንቾች ዘመናቸው አልፎ ስለነበር እጄ አልገቡም፤ የካፓሲተሩ ጠባይ ግን ያው ነው። ቴስተርዎ የሚልከው ጥቂት ቮልት ብቻ ስለሆነ፣ በ6000 ቮልት ኤሌክትሪክ የሚያፈስሰውን ካፓሲተር ደህና ነው ቢልዎ አይመኑት። በ1000 ቮልት የሚሠራ የኢንሱሌሽን መለኪያ ተውሰው ይለኩት። አንዱ ካፓሲተር 1000 ሜጋ ኦም ቢያሳይ ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን በ6000 ቮልት 6 ማይክሮ አምፔር ያሳልፋል፣ ይህም በ4.7 ሜጋ ኦሙ ላይ 28 ቮልት ያህል ይፈጥራል። ምስልዎን ወደ ጎን የሚገፋው ይህን የመሰለ ቮልቴጅ ነው። ሲሞቅ የሚብሰውም ያረጀና እርጥበት የገባው ወረቀት ሙቀት ሲያገኝ ይበልጥ ስለሚያፈስስ ነው።

ከመንካትዎ በፊት ግን አንድ ነገር ልለምንዎ። ብዙ ሰው የሚፈራው የከፍተኛ ቮልቴጁን ማጣሪያ ነው፤ በእርስዎ ቴሌቪዥን ግን 500 ፒኮፋራዱ በ6000 ቮልት የሚይዘው 0.009 ጁል ሲሆን እያንዳንዱ 0.01 ማይክሮፋራድ 0.18 ጁል፣ ማለትም ሃያ እጥፍ ይይዛል። ስለዚህ የአራቱንም ቻርጅ አንድ በአንድ ያራግፉ። በካቻቢቴ ማገናኘት ድንገተኛ ብልጭታ ስለሚፈጥር እጅን ያስደነግጣል፣ ዕቃም ያበላሻል፤ ሃያ ባለ 47 ኪሎ ኦም ሬዚስተሮችን በተከታታይ አያይዘው በተሸፈነ ዘንግ ጫፍ ላይ ያድርጓቸው። አንድ ሬዚስተር ብቻውን ያንን ቮልቴጅ አይችልም። ካራገፉ በኋላም ወረቀቱ ውስጥ የቀረው ቻርጅ ተመልሶ ስለሚመጣ፣ ሥራው እስኪያልቅ ሁለቱን ጫፎች በሽቦ አገናኝተው ይተዉአቸው። የብዙዎቹ ርካሽ ሞዴሎች ሻሲም (ዕቃዎቹ የተተከሉበት ብረት) በቀጥታ ከመብራት መስመር ጋር የተገናኘ ስለሆነ ቴሌቪዥኑን ከመስመሩ የሚለይ መነጠያ ትራንስፎርመር ሳይኖር አያብሩት።

መልስ 2 (ከሽቱትጋርት)፦
በተከታታይ ስለማገናኘቱ ልመልስ፤ በስሌት 0.011 ማይክሮፋራድ፣ 6000 ቮልት ይሰጥዎታል፣ ስለዚህ ትክክል ይመስላል። ችግሩ ቀጥተኛው ቮልቴጅ በሦስቱ መካከል የሚከፋፈለው በካፓሲታንሳቸው ሳይሆን በሚያፈስሱት ኤሌክትሪክ መጠን በመሆኑ፣ ከሁሉም ያነሰ የሚያፈስሰው ካፓሲተር ከድርሻው በላይ ተሸክሞ መጀመሪያ ይፈነዳል። መድኃኒቱ በእያንዳንዱ ላይ ቮልቴጁን እኩል የሚያከፋፍል ማመጣጠኛ ሬዚስተር ማድረግ ነው ይባላል፤ ለማጣሪያ ቦታ ይህ እውነት ነው። እርስዎ በሚተኩት ቦታ ግን ሦስት ባለ 100 ሜጋ ኦም ሬዚስተሮች ቢያደርጉ ራሳቸው 20 ማይክሮ አምፔር አሳልፈው ሳህኑን በ94 ቮልት ያንቀሳቅሱታል፣ ሊያስወግዱት የተነሡትን ችግር በገንዘብዎ ገዝተው ይተክሉታል ማለት ነው። ስለዚህ ለአራቱ ቦታዎች ለቀጥተኛ ቮልቴጅ 10 ኪሎ ቮልት የተመዘነ አንድ ወጥ የፖሊፕሮፒሊን ወይም የፖሊስተር ፊልም ካፓሲተር ይግዙ።

በሴራሚክ መተካትም አልመክርም። ከፍተኛ መጠን ያላቸው የሴራሚክ ዲስኮች ቮልቴጅ ሲጫናቸው ከተጻፈባቸው ካፓሲታንስ ግማሽና ከዚያም በላይ ሊያጡ ይችላሉ። አሁን 0.01 ማይክሮፋራድና 4.7 ሜጋ ኦም የሚሰጡት የጊዜ ልክ (ካፓሲተሩ ቻርጁን በሬዚስተሩ በኩል የሚያጣበት ፍጥነት መለኪያ) 47 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ የአሜሪካ ቴሌቪዥን አንድ ጊዜ ከላይ ወደ ታች የሚጠርግበት ጊዜ 16.7 ሚሊ ሰከንድ ስለሆነ ይበቃል። በግማሽ ሲቀንስ ግን የምስሉ ቁመት ከላይና ከታች እኩል አይሆንም። ለ500 ፒኮፋራዱ ማጣሪያ ግን በዚያ የሚመጣው ድግግሞሽ ከፍ ያለ ስለሆነ የካፓሲታንሱ መቀነስ ብዙም አይጎዳውም፤ 10 ወይም 15 ኪሎ ቮልት ሴራሚክ እዚያ ጥሩ ነው።

መልስ 3 (ከአዲስ አበባ)፦
ሳይሠራባቸው የቆዩ የዘመኑን የወረቀት ካፓሲተሮችም አይግዙ፤ ተቀምጠውም ያረጃሉ። የማይክሮዌቭ ምድጃ ካፓሲተር የሚያስቡ ካሉም ይተዉት፤ 1 ማይክሮፋራድ ያህል ነው፣ ለዚህ ቦታ መቶ እጥፍ ይበዛል፣ ሰውም ይገድላል።

እግረ መንገዴን፣ በኋላ ዘመን ባለ ትራንዚስተር ቴሌቪዥን የምታድሱ ተጠንቀቁ። ምስሉን ወደ ጎን በሚጠርገው የአግድም ውጤት ትራንዚስተር ኮሌክተር (አንደኛው እግሩ) ላይ ያለው 1600 ወይም 2000 ቮልት ካፓሲተር ማጣሪያ አይደለም፤ መጠኑ ካነሰ ከፍተኛው ቮልቴጅ ወደ ላይ ይወጣል፣ ኤክስሬይም ሊያስከትል ይችላል። በዚያ ቦታ ያው መጠን፣ ቮልቴጁም ያው ወይም የበለጠ፣ ለፈጣን ምት የተሠራ ፖሊፕሮፒሊን ብቻ ይግባ።

ጠያቂው፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ሌሎቻችሁንም እንዲሁ። በተበደርኩት መለኪያ ስለካቸው አንዱ የአግድም ካፓሲተር 180 ሜጋ ኦም ብቻ ሆኖ ተገኘ። አራቱንም በ10 ኪሎ ቮልት ፊልም ተካኋቸው፤ ከሻሲው በቂ ርቀት እንዲኖራቸው አነሣኋቸው፣ የሶልደሩንም ሹል ጫፎች ክብ አድርጌ አቀለጥኳቸው። ምስሉ ወደ መሀል ተመልሷል፣ ከአንድ ሰዓት በኋላም አልተነቃነቀም። ማጣሪያው ስላላፈሰሰ ለጊዜው በቦታው ትቼዋለሁ።